«ብልህ ውል» ስለሚባለው ስያሜና ስለ ተጓዳኝ ቃላቱ

የተሳሳተ ስያሜ በአንድ ሙያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትለው ጉዳት መደናገር ነው፤ አንባቢው ጥቂት ተንገላቶ ሐሳቡን ይደርስበታል። በብሎክቼይን፣ ከዚህ በኋላ «ሰንሰለት» በምንለው፣ ላይ ያሉ ሒሳቦችንና ፕሮግራሞችን ከትእዛዝ መስመር ስለ ማስተዳደር በአማርኛ ሲጻፍ ግን ነገሩ ከዚህ ይከፋል። ትእዛዙ ተፈርሞ ከተመዘገበ በኋላ «ተሳስቻለሁ» ቢባል የሚሰማ ሹም የለም። የአማርኛው ፍች ካሳሳተ ገንዘብ ይጠፋል።

ለምሳሌ የምንወስደው ኢቴርየም ለተባለው ሰንሰለት የተሠራውን «ካስት» የተባለ መሣሪያ ነው። ካስት «ፋውንድሪ» ከሚባለው ስብስብ አንዱ ሲሆን ባልንጀሮቹ «ፎርጅ»፣ «አንቪል» እና «ቺዝል» ይባላሉ። ስሞቹ ከብረት ሠሪ ቤት የተወሰዱ ናቸው፤ አንቪል መስፍ፣ ቺዝል መሮ ነው። ተጠቃሚው በፊደል ሰሌዳው የሚጽፈው እነዚህኑ ስለ ሆነ እንዳሉ ቢወሰዱ እንመርጣለን። መሣሪያዎቹ ስማቸውን ከአንጥረኛ ሲያገኙ፣ ሰንሰለቱ ራሱ ዋና ዋና ቃላቱን የተዋሰው ከባንክና ከፍርድ ቤት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ስማርት ኮንትራት» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጣው ኒክ ሳቦ ነው። ምሳሌ ያደረገውም ሳንቲም ሲገባበት ዕቃ የሚሰጠውን የመሸጫ ማሽን ነበር። ማሽኑ ብልሃት የለውም፤ ሳንቲሙ ከገባ ይሰጣል፣ ካልገባ ይከለክላል። በአማርኛ አንዳንዶች «ብልህ ውል»፣ ሌሎችም «ብልጥ ውል» ይሉታል። ብልጥ ለሰው ሲነገር እንኳ ሙገሳው ጥርጣሬ አያጣውም፤ «ብልጥ ውል» ሲባል የተናጋሪው ጆሮ የሚሰማው አንዱ ወገን ሌላውን ያታለለበትን ውል ነው። ይህ በቀላሉ ይታረማል። ከባዱ «ውል» የሚለው ነው።

ውል በቋንቋችን አንድም የልቃቂት ጫፍ ነው፤ «የነገሩ ውል ጠፋ» የምንለው ከዚሁ ተነሥተን ነው። አንድም ስምምነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1675፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ንብረት ነክ ግዴታን ለማቋቋም፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚያደርጉት ስምምነት መሆኑን ይደነግጋል። ፈቃዱ በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተገኘበት ወገንም ውሉ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «ውል» ሲባል ለአማርኛ አንባቢ ተዋዋይ፣ ምስክርና ዳኛ አብረው ይታዩታል። በሰንሰለቱ ላይ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻውን ጽፎ ሊያኖረው የሚችል ፕሮግራም ነው፤ የተጻፈለትን ይፈጽማል፣ ያልተጻፈለትን አያውቅም።

ልዩነቱ በ2008 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። «ዘ ዳኦ» የተባለው የጋራ ገንዘብ ማዋያ ለሰዎች በጻፈው ማብራሪያ ላይ፣ ማብራሪያው በኮዱ ላይ አንዳች ነገር እንደማይጨምር አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። በሰኔ ወር በኮዱ ጉድለት የተጠቀመ ሰው ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢተር አሻገረ። ገሚሱ «ስርቆት ነው» ሲል ገሚሱ «ኮዱ የፈቀደው ነው» አለ። በሐምሌ ወር ብዙኃኑ ገንዘቡ እንዲመለስ ሰንሰለቱን ለወጡ፤ ያልተስማሙት በአሮጌው ቀጥለው «ኢቴርየም ክላሲክ» ተባሉ። ክርክሩ በከፊል የቃል ክርክር ነበር እንላለን፤ ነገሩ ከመጀመሪያው «ውል» ባይባል ኖሮ የተዋዋዮችን ሐሳብ ፍለጋ ያን ያህል ባልተደከመ ነበር። ከኢቴርየም መሥራቾች አንዱ የሆነው ቪታሊክ ቡተሪን ራሱ፣ ስያሜውን በመቀበሉ መጸጸቱንና «ዘላቂ ስክሪፕት» የሚመስል ደረቅና ሙያዊ ስም ይሻል እንደ ነበር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጽፏል። ባለቤቱ የተጸጸተበትን ስያሜ እኛ በአማርኛ እንደ አዲስ የምንተክልበት ምክንያት አይታየንም። በምትኩ «ኗሪ ፕሮግራም» የሚለውን እናቀርባለን። ፕሮግራም የተለመደ ቃል ነው፤ «ኗሪ» ደግሞ በሰንሰለቱ ላይ ተቀምጦ መቆየቱን ያመለክታል። ውበት ይጎድለዋል፤ ግን አይዋሽም።

ካስት ከኗሪ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት ዋና ትእዛዞች «ኮል» እና «ሴንድ» ናቸው። የመጀመሪያው ያነባል እንጂ ምንም አይለውጥም፤ ፊርማም ክፍያም አይጠይቅም። ሁለተኛው በምስጢር ቁልፍ ተፈርሞ ይመዘገባል፤ ያስከፍላልም። እነዚህን ቃል በቃል «ጥራ» እና «ላክ» ብሎ መፍታት አደገኛ ነው። «ላክ» ሲባል ተማሪው ገንዘብ የሚላክ ይመስለዋል፤ ገንዘብ ካልላከም ምንም እንዳላደረገ ይቈጥራል። ይሁንና በዚሁ ትእዛዝ አንዲት ኢተር ሳትላክ፣ ሌላ ሰው ከእኛ ላይ ንብረት እንዲወስድ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ብዙ ማጭበርበርም የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ፍቻቸው «ጠይቅ» እና «ፈርመህ አስመዝግብ» ቢሆን እንወዳለን። ሁለተኛው ረዘመ የሚል ቢኖር፣ ርዝመቱ እጅን ትንሽ ቢያዘገይ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

«ሒሳብ» እና «ቦርሳ» የሚሉትም ባንክ ባንክ ይሸታሉ። የባንክ ሒሳብ የሚከፍተውና የሚዘጋው ባንኩ ነው፤ የረሳነውንም ያስታውሰናል። በኢቴርየም ላይ ግን መዝገቡ የሚገኘው ከቁልፉ ተሰልቶ ነው፤ ቁልፉ የጠፋበትን የሚተካለት ማንም የለም። «ባለቁልፍ መዝገብ» ብንለው ይህ በስሙ ላይ ይታያል፤ ኗሪ ፕሮግራም የሚያዝበት ሌላው ዐይነት ደግሞ «ባለፕሮግራም መዝገብ» ይሆናል። በ«ቦርሳ» ውስጥም ገንዘብ የለም፤ ያለው ቁልፍ ነው። «የቁልፍ ማኅደር» የሚለው ይስማማዋል። የሥራውን መጠን የሚለካውን «ጋዝ» በተመለከተ፣ ላምባን ስለሚያስታውስ «ነዳጅ» ይሻላል፤ ከመንገድ የተመለሰ መኪና ነዳጅ እንደሚያቃጥል ሁሉ ያልተሳካ ትእዛዝም ያስከፍላልና።

አንድ ጉዳይ ግን ከስያሜ አልፎ ወደ ጽሕፈታችን ይደርሳል። ካስት አዲስ ቁልፍ ሲያዘጋጅ ቁልፉን በ12 ቃላት ማውጣት ይችላል፤ ቃላቱን የያዘ ሰው ንብረቱን ያዘ። ቃላቱ የሚመረጡት 2048 ቃላት ካሉት የተወሰነ ዝርዝር ነው። የጃፓንኛ፣ የኮሪያኛ፣ የቼክኛና የሌሎችም ቋንቋዎች ዝርዝር በደንቡ ውስጥ ሲገኝ አማርኛ የለም። ይዘጋጅ ቢባል የሚያሰናክለን የድሮው የሞክሼ ፊደላት ክርክራችን ነው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ነው፤ ወይ አይቀበለውም፣ ወይም ወደ ሌላ ባዶ መዝገብ ይመራዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጽሕፈት ብቻ ወስኖ ማተም ያስፈልጋል፤ ወይም በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ቤት ያሉ ሞክሼዎች የሚገቡባቸውን ቃላት ሁሉ መተው ነው። ሁለተኛውን እንመርጣለን። እነዚህ ድምፆች በአማርኛ እጅግ ብዙ ቃላት ውስጥ ስለሚገኙ ከእነርሱ ውጭ አጭርና የታወቁ 2048 ቃላት መኖራቸው ተቈጥሮ መረጋገጥ አለበት፤ ቈጠራውም ከመዝገበ ቃላት ካርዶቻችን ሊጀመር ይችላል።