ምልአትን የሚያመለክቱ የእንግሊዝኛ ቃላትና የአማርኛ አቻዎቻቸው

አንድ ነገር ሳይጐድል፣ ሳይከፈል ወይም ሳይቀነስ መቅረቡን ለማመልከት እንግሊዝኛ በርካታ ቃላት አሉት። ‹‹ኦል››፣ ‹‹ሆል››፣ ‹‹ኢንታየር››፣ ‹‹ፉል››፣ ‹‹ኮምፕሊት››፣ ‹‹ቶታል›› እና ‹‹ግሮስ›› ከዋና ዋናዎቹ ይቈጠራሉ። በሁለቱ ቋንቋዎች በተዘጋጁ የቃላት ዝርዝሮች ውስጥ በእነዚህ አንጻር ‹‹ሁሉ፣ ሙሉ፣ መላ፣ ጠቅላላ›› የሚሉት በነጠላ ሰረዝ ተለይተው ተደርድረው ማየት የተለመደ ነው። ተርጓሚውም ከተደረደሩት አንዱን፣ ብዙ ጊዜም ‹‹ጠቅላላ››ን፣ አንሥቶ ይሄዳል። ይህ አሠራር ለጽሑፍ ውበት ብቻ ሳይሆን ለገንዘብና ለመብትም የሚተርፍ ጉዳት እንዳለው ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

ቃላቱ ከአንድ ሐሳብ እንዳልተነሡ ምንጫቸው ይመሰክራል። ‹‹ሆል›› በጥንታዊው እንግሊዝኛ ጤነኛ፣ ጉዳት ያላገኘው ማለት ነበር። ‹‹ኢንታየር›› በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው ‹‹ያልተነካ›› ነው። ‹‹ኮምፕሊት›› ከመሙላት፣ ‹‹ግሮስ›› ከውፍረት ተገኝተዋል። በአማርኛም ‹‹ሙሉ›› ከ‹‹ሞላ››፣ ‹‹ጠቅላላ›› ከ‹‹ጠቀለለ››፣ ‹‹ድምር›› ከ‹‹ደመረ›› ይወጣሉ። ይሁን እንጂ ምንጭ ብቻውን የዛሬውን ፍች አይወስንም፤ ዛሬ ስለ ደመወዝ ‹‹ግሮስ›› የሚል ሰው ውፍረትን አያስብም። ከምንጭ ይልቅ አስተማማኙ መለያ የቃሉ ተቃራኒ ነው እንላለን።

የ‹‹ሙሉ›› ተቃራኒ ‹‹ጎዶሎ›› ነው። የ‹‹ጠቅላላ›› ተቃራኒ ‹‹ዝርዝር›› ነው። ‹‹ሁሉ›› ከ‹‹አንዳንድ››፣ ‹‹መላ›› ከ‹‹ከፊል››፣ ‹‹ድምር›› ከተደማሪዎቹ አንጻር ይቆማሉ። በብዙ የቃላት ዝርዝር የሚዘነጋው ‹‹ድፍን›› ደግሞ የራሱ ቦታ አለው። ድፍን ምስር ያልተከካ ነው፤ ተቃራኒው ክክ ነው። ድፍን መቶ ብር ያልተመነዘረ ነው፤ ተቃራኒው ዝርዝር ብር ነው። ስለዚህ ስለ እህል ሲነገር ለእንግሊዝኛው ‹‹ሆል›› የገበያው ሰው የሚያውቀው አቻ ‹‹ድፍን›› እያለ ‹‹ሙሉ ምስር›› ብሎ መተርጐም ቋንቋው ያለውን ሀብት መዘንጋት ነው።

በዚህ መለያ ብንመዝነው ትልቁ ችግር የሚታየው በ‹‹ቶታል›› እና በ‹‹ግሮስ›› ላይ ነው። የ‹‹ቶታል›› ተቃራኒ በዝርዝር የተቀመጠው ክፍል ነው፤ የ‹‹ግሮስ›› ተቃራኒ ግን ‹‹ኔት››፣ ማለትም ተቀናሹ የተነሣለት ‹‹የተጣራ›› ነው። አንደኛው የመደመር፣ ሁለተኛው የመቀነስ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ‹‹ጠቅላላ›› ሲባሉ ልዩነቱ ይጠፋል። በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበት ደመወዝ ‹‹ጠቅላላ ደመወዝ›› ከተባለ፣ ከግርጌ የሚሰፍረው የሠራተኞቹ ሁሉ ድምር ምን ሊባል ነው? ‹‹ጠቅላላ ጠቅላላ ደመወዝ›› ማለት አይቻልም። ‹‹ያልተጣራ ደመወዝ›› እና ‹‹የደመወዝ ድምር›› ብንል ግን ሁለቱም በየቦታቸው ይቆማሉ።

በኢኮኖሚ ጽሑፎች ‹‹ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት›› የሚለው ስያሜ እጅግ ተሠራጭቷል። በእንግሊዝኛው ስያሜ ውስጥ ያለው ‹‹ግሮስ›› የማምረቻ ንብረት እርጅና እንዳልተቀነሰ ያመለክታል፤ ሲቀነስ የተጣራው ምርት ይገኛል። የአማርኛው አንባቢ ግን ‹‹ጠቅላላ›› የሚለውን ሲያይ የምርቶች ሁሉ ድምር መሆኑን እንጂ አንድ ተቀናሽ እንዳለ አይረዳም። ሥር የሰደደን ስያሜ በአንድ ጀምበር መንቀል አይቻልም፤ ሆኖም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይህን ፍች ማስፈር ግዴታ ነው።

‹‹ዐውዱ ይፈታዋል›› የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። በልብ ወለድና በጋዜጣ ሐተታ እውነት ነው። የሙያ ቃል ግን ዐውድ በሳሳበት፣ በሠንጠረዥ ራስጌ፣ በቅጽና በውል አንቀጽ ውስጥ ብቻውን እንዲቆም የሚፈለግ ቃል ነው። አምስት ተከራዮች ያሉበት ውል ‹‹ተከራዮቹ ሁሉ በወር 1,000 ብር ይከፍላሉ›› ቢል፣ አከራዩ የሚያገኘው 1,000 ነው ወይስ 5,000? የእንግሊዝኛው ‹‹ኦል››ም እንዲሁ አሻሚ ስለሆነ ጠንቃቃ ጸሓፊ ድምሩን ወይም የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ይጽፋል። የአማርኛ ተርጓሚም ‹‹በድምሩ›› ወይም ‹‹እያንዳንዳቸው›› በሚሉት ሊለየው ይገባል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ሙላት የሚለካው በተወሰነ ልክ መሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ የሚሆነው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ‹‹ምልዓት›› የተባለው ለሥራው የሚያስፈልገው ልክ ስለሞላ እንጂ አባላቱ ሁሉ ስለ ተገኙ አይደለም። ‹‹ሙሉ››ን በ‹‹ሁሉ›› ቦታ የሚተካ ተርጓሚ ይህን ልዩነት ያፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛና አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት ፍችን በዐረፍተ ነገር እያሳየ መሄዱ ትክክለኛ መንገድ ነበር። እኛም የምናቀርበው ሐሳብ በዚህ ላይ አንድ እርምጃ መጨመር ነው፤ ይኸውም ምልአትን ለሚያመለክት ለእያንዳንዱ ቃል ከአቻው ጐን ተቃራኒውን ማስፈር፣ ተቃራኒዎቻቸው የተለያዩ ቃላትንም በአንድ መስመር አለመደርደር ነው። ይህ ሲደረግ ‹‹ጠቅላላ›› የ‹‹ዝርዝር›› ተቃራኒ ሆኖ በቦታው ይጸናል፤ ‹‹ያልተጣራ››፣ ‹‹ድምር››፣ ‹‹ድፍን›› እና ‹‹መላ››ም የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም፤ ያሉትን መለየት ይበቃል።