ከጅዳ ተነስታ መካ ላይ አልነሳ የምትል መኪና

ጨርሶ የሞተች መኪና መካኒክ አታስቸግርም። ባትሪዋ ወድቋል ወይም ገመድ ተበጥሷል፤ ተፈልጎ ይገኛል። የምታደክመው ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነስታ ቀትር ላይ እንቢ የምትለው አሮጌ መኪና ናት። ሰጥሃ (መኪና ጫኝ) ላይ ተጭና ሰናኢያ (የጋራዦች ሰፈር) ስትደርስ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ባለቤቷ ያፍራል፣ መካኒኩም ያየው ነገር ስለሌለ ወደ ግምት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባትሪ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ዲናሞ፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ፣ መኪናዋ ግን እንደነበረችው ናት።

እኔ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ሰውየውን አስቀምጬ እጠይቃለሁ። ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ከመንገድ ገብታ ስንት ደቂቃ ቆማለች? ቁልፉን ስታዞር ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ዞረ ወይስ «ቀጭ» ብሎ ቀረ? የዳሽቦርዱ መብራት ደበዘዘ? አብዛኛው ሰው «እንደ ቀኗ ነው» ይለኛል። ይህን መልስ አልቀበልም። ኤሌክትሪክ እንደ ቀኑ አይሠራም፤ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽትን ብዙውን ጊዜ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ንዝረት ወይም የባትሪ መድከም ይቀሰቅሰዋል። የቀሰቀሰውን ካገኘሁ ግማሹን ሥራ ጨርሻለሁ። ሞተሪኖው የማይዞር ከሆነና ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ለየቅል ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ለሞተሪኖ በሽታ የቤንዚን ፓምፕ ይገዛል።

ከጅዳ መካ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአሮጌ መኪና ግን ከዚህ የባሰ ፈተና አላውቅም። ጅዳ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ እርጥበቱና ጨዉ የባትሪውን ጫፍና የማሳውን (የኔጋቲቩን) ገመድ ይበላሉ። መካ በድንጋይ ተራሮች መሃል የተቀመጠች ሸለቆ ናት፤ እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2024፣ በሐጅ ወቅት፣ በሐረም (በታላቁ መስጊድ) አካባቢ የተለካው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። መኪናዋ አውራ ጎዳናውን በፍጥነት ትመጣለች፣ ሹመይሲ ፍተሻ ላይ ኤሲ ከፍታ ትቆማለች፣ ከዚያ ኩዳይ መኪና ማቆሚያ ገብታ ትጠፋለች። ሞተር ሲጠፋ ሙቀቱ አብሮ አይጠፋም። ውኃው መዞሩን ያቆማል፣ ነፋስ የለም፣ የሞተሩ ብረት የያዘውን ሙቀት ኮፈኑ ሥር ይለቀዋል። ስለዚህ መኪናዋ ከቆመች በኋላ ባሉት አሥራ አምስትና ሃያ ደቂቃዎች ሞተሪኖውና ሽቦዎቹ በጉዞ ላይ ከነበሩት ይበልጥ ይግላሉ። የመዳብ ሽቦ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ 4 በመቶ ያህል ያድጋል። በቀዝቃዛው እንደምንም የሚያሠራ የደከመ ግንኙነት አሁን እጅ ይሰጣል። ሰውየው ጸሎቱን አድርሶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ቀዝቅዛ ትነሳለች፤ እሱም ዳነች ብሎ ያምናል።

አንድ የወሎ ሰው ቤተሰቡን ለዑምራ የሚያመላልስባት እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ካምሪ አመጣልኝ። «ወንድሜ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ ዲናሞ አስጠገንኩ፣ አሁንም ልጆቼን ይዤ በፀሐይ ታቆመኛለች» አለኝ። እኔ ዘንድ ስትመጣ ሳታንገራግር ተነሳች። ስለዚህ አልነካኋትም። መንገድ ወስጄ አሞቅኳት፣ ኮፈኑን ዘግቼ ፀሐይ ላይ አቆምኳትና ጥቂት እየቆየሁ ቁልፉን ማዞር ጀመርኩ። በመጨረሻ «ቀጭ» አለችና ቀረች። መብራቷን አየሁ፤ አልደበዘዘም። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ባትሪው ደክሞ ወይም ጫፉ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ይወርድ ነበር፤ መብራቱ ካልወረደ ወደ ሞተሪኖው ጉልበት ያለው ኤሌክትሪክ እየሄደ አይደለም። ረዳቴ ቁልፉን እንደያዘ ቴስተሩን ከባትሪ በሚመጣው ወፍራም ቡሎን ላይ አደረግሁ፤ 12 ቮልት አለ። ከሶሌኖይዱ (ከሞተሪኖው ማብሪያ) ወደ ሞተሪኖው ሆድ በሚገባው ሁለተኛው ቡሎን ላይ አደረግሁ፤ ምንም የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተቆረጠው እዚያ ውስጥ ነው።

ሞተሪኖውን አውርጄ የሶሌኖይዱን ክዳን ስከፍት ሁለቱ የመዳብ ቁራጮች ወጡ። አንዱ ደህና ነው። ሌላው፣ ከባትሪ በኩል ያለው፣ ጠርዙ ጠቁሮ መሃሉ ጎድጉዷል፤ የሚመታው የመዳብ ክብ አንዳንዴ ይደርስበታል፣ አንዳንዴ አይደርስበትም። ለብዙ ሺህ ጊዜ ብልጭታ የጠጣ መዳብ ይህ ዕጣው ነው። የሚቀየሩት እነዚያ ቁራጮች ናቸው፤ ዋጋቸው ሰውየው ካሁን በፊት ካወጣው ጋር አይወዳደርም። ሙሉ ሞተሪኖ ከተሽሊህ (ከአሮጌ መኪና መፍቻ) ማምጣት ይቻል ነበር፤ ግን የሌላ አሮጌ መኪና ሞተሪኖ ውስጡ ያለው መዳብ ምን ያህል እንደተበላ ማን ያውቃል?

መብራቱ ሲደበዝዝ ግን ጥያቄው ወደ ባትሪና ገመድ ይዞራል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ አልምረውም። ብርድ ባትሪን ያደክማል፣ ሙቀት ግን ይገድለዋል፤ እዚህ አገር አዲስ የሚመስል ባትሪ ውስጡ ያለቀ ይሆናል። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ቡሎን፣ ከሞተሩ አካል እስከ ኔጋቲቩ፣ ቁልፍ እየዞረ እለካለሁ። ግማሽ ቮልት የሚበላ ገመድ በዓይን ጤነኛ ነው፤ ላስቲኩን ስሰነጥቀው ግን መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል።

ሞተሪኖው እየዞረ የማትነሳ ከሆነች ወይ ብልጭታ ወይ ቤንዚን ጎድሏል። ሲሞቅ የሚተኛውን ኢግናይተር ወይም የክራንክ ሴንሰር ለማጋለጥ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ወዲያው ከተነሳች ነገሩ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆንዳ መኪኖች ላይ ደግሞ ዳሽቦርድ ሥር ያለው ዋና ሬሌ የብየዳው ነጥብ ዙሪያውን በፀጉር ቅጥነት ይሰነጠቃል። መስኮት ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለች እንደሆነ ቤንዚን ፓምፑ አይሰማም፤ በር ከፍቶ ጥቂት ላናፈሳት ሰው ትነሳለታለች። ሬሌውን አውጥቶ እንደገና መበየድ ይበቃል።

ጅዳ ላይ የምጨምረው ጥያቄ የጎርፍ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2022 በደቡብ ጅዳ በጥቂት ሰዓታት 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. የ2009ኙን ከመቶ ሰው በላይ የገደለ ጎርፍ ያስከተለውን ዝናብ የሚበልጥ ነበር። መኪኖች ጣራቸው ድረስ ሰምጠው አይተናል። ከእነዚያ አንዳንዶቹ ታጥበውና ተወልውለው ሐራጅ ላይ ቀረቡ። ስለዚህ በየጊዜው የተለያየ ሕመም የምታሳይ መኪና ስትመጣልኝ ምንጣፉን አነሳለሁ፣ የመቀመጫውን ሐዲድ ሥር በእጄ እዳስሳለሁ። ደለል ካለ አንድ ክፍል በመቀየር አትድንም፤ ይህን ለባለቤቱ ከመጀመሪያው ልነግረው ይገባል።

እንዲህ የምጠነቀቀው ደንበኞቼን ስለማውቃቸው ነው። ብዙዎቹ የሚያገኙትን ደሴና ከሚሴ ላሉ ወላጆቻቸው የሚልኩ ናቸው። በግምት የተገዛ አንድ ዲናሞ ለአንዲት እናት ሳይላክ የቀረ ብር ነው። ኮምፒውተር ሰክቶ ማንበብም ሁልጊዜ አያድንም፤ እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ንባብ ከመለመዱ በፊት የተሠሩ ናቸው፣ የተበላ መዳብን የሚያይ ኮምፒውተርም የለም።

በብርዱ ወራት፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ፣ በሙቀት የሚቀሰቀስ ብልሽት ይደበቃል፤ የቻልኩትን ያህል ባሞቃት እንቢ አትልልኝም። ያኔ ገንዘብ አልቀበልም፣ ክፍልም አላዝዝም። ባለቤቱን አጠገቤ አቁሜ መብራቱን እንዴት እንደሚያይ፣ ድምፁን እንዴት እንደሚሰማ አሳየዋለሁ። እንቢ ያለች ቀን ሰጥሃ ከመጥራቱ በፊት እንዲደውልልኝ፣ ቁልፉንም እኔ በስልክ እየሰማሁ እንዲያዞር እነግረዋለሁ።