የወይዘሮ ናካሙራ የስፌት መኪና

ጆን ኸርሲ ስለ ሂሮሺማ የጻፈውን መጽሐፍ የሚያነሣ ሐያሲ ሁሉ አብዝቶ የሚያወድሰው የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ነው። ውዳሴው ይገባቸዋል። «ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1946 ሙሉ ዕትሙን ለዚሁ አንድ ጽሑፍ ለቀቀለት፤ ካርቱን እንኳ አላስገባበትም። ጽሑፉ ቦምቡ በፈነዳባት ቅጽበት ስድስት የከተማይቱ ነዋሪዎች የት ሆነው ምን ይሠሩ እንደነበር በመተረክ ይጀምራል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አይራገምም፤ ማልቀሱንም ለአንባቢው ትቶለታል።

እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደ አምስተኛው ምዕራፍ ነው። ኸርሲ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1985፣ እነዚያው ስድስት ሰዎች እንዴት እንደኖሩ የጻፈበት ነው። በአጻጻፍ ውበቱ ከቀደሙት ያንሳል፤ ይህ አይካድም። ሆኖም መጽሐፉን ከጥሩ ዘገባነት አውጥቶ የከተማ ሰው የኑሮ ታሪክ ያደረገው እሱ ነው።

ወይዘሮ ሃትሱዮ ናካሙራን እንውሰድ። ልብስ ሰፊው ባላቸው በጦርነቱ ሞተውባቸዋል፤ ሦስት ልጆችና አንዲት የስፌት መኪና ቀርተውላቸዋል። (የስፌት መኪና ለመበለት ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።) በዚያች ዕለት መኪናዋን ተሸክመው መሸሽ ስላልቻሉ ከደጃቸው በነበረው የውሃ ገንዳ ውስጥ ከተቷት። በኋላ ሲያወጧት ዝጋለች። አሳድሰው ሰፉባት። ቆይቶ በሽታ ሲጥላቸው ለሐኪም የሚከፍሉት አጡና ሸጧት። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ማዞር፣ የጋዜጣ ሒሳብ መሰብሰብ፣ በመጨረሻም የብል መከላከያ በሚሠራ ፋብሪካ የ13 ዓመት አገልግሎት። አሠሪዎች ከፍንዳታው የተረፈን ሰው መቅጠር አይወዱም ነበር፤ ቶሎ ይደክማል፣ ይታመማል እያሉ። መንግሥት ለነዚህ ሰዎች የሕክምና ሕግ ያወጣው በ1957 ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ!

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ዜና ማለት አዲስ ነገር ነው ብለው አስተምረውናል። ቦምቡ ዜና ነው፤ የመኪናዋ መሸጥ ግን በየትኛውም ጋዜጣ ዜና አይሆንም። ኸርሲ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ርጋታ መጻፉ ከሁሉ በላይ ያስቀናኛል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከስድስቱ ሰዎች ሁለቱ ሐኪሞች፣ ሁለቱ የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። በዚያች ከተማ ግን የቀን ሠራተኛው ብዙ ነበር፤ በግዳጅ ሥራ የመጡ ኮሪያውያንም አብረው ነደዋል፤ ከነሱ አንድም ሰው የለም። የድሃው ኑሮ ሸክም በሙሉ በወይዘሮ ናካሙራ ጫንቃ ላይ ወድቋል።

በፓስተር ታኒሞቶ ታሪክ መሐል ደግሞ እገሌ አገር ቦምብ ሞከረ የሚል አጭር ዜና በየጊዜው ይሰነቅራል። ይህ የሰነፍ መምህር ብልሃት ነው፤ በአንባቢው አለማመን ነው። እዚያው ገጾች ላይ ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚናገር ነገር አለ እኮ! ፓስተሩ በ1955 አሜሪካ ውስጥ ሳያስቡት በቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀርበው፣ ቦምቡን ከጣለው አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በመሐሉ የጥፍር ቀለም ማስታወቂያ ይተላለፋል። ኸርሲ አንዲት የትችት ቃል አልጨመረበትም፤ አላስፈለገውም።

ወይዘሮ ናካሙራን የምንሰናበታቸው በከተማይቱ የአበባ በዓል፣ ከሴቶች ጋር መንገድ ላይ ሲጨፍሩ ነው። በድንገት ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ አምቡላንስ ይወስዳቸዋል። ሆስፒታል ሲደርሱ ደኅና መሆናቸውንና የሚፈልጉት ወደ ቤታቸው መሄድ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ተፈቀደላቸውና ሄዱ።