ቤዛነት፦ ዋጋና ዝምድና

ቤዛ በሌላ እጅ የገባን ሰው ወይም ንብረት ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውና በሌላው ፋንታ የሚቆመው ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ «ቤዘወ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የተዛመደ ሲሆን ድርጊቱ በአማርኛ መቤዠት ይባላል። በቤዛነት ውስጥ የተያዘ፣ የሚከፈልና የሚከፍል አለ። ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየው የሚከፈለው ዋጋ ነው። የቃሉ ታሪክ ግን በከፋዩና በተያዘው መካከል ያለው ዝምድና ከዋጋው እንደሚቀድም ያሳያል።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ነው። ድህነት አስገድዶት ርስቱን የሸጠ እስራኤላዊ ቢኖር፣ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ ርስቱን ይቤዥለታል። ዋጋው ገዢው እንዳሻው የሚጠራው አልነበረም። በ50ኛው ዓመት፣ በኢዮቤልዩ፣ ርስት ሁሉ ወደ ባለቤቱ ስለሚመለስ የሚሸጠው መሬቱ ሳይሆን እስከዚያ የሚገኘው ምርት ነው፤ ስለዚህ ያለፉት ዓመታት ተቀንሰው የቀሩት ብቻ ይታሰባሉ። ራሱን ለባዕድ የሸጠውንም ወንድሙ፣ አጎቱ ወይም የአጎቱ ልጅ ሊቤዠው ይችላል። ይህ ዘመድ በዕብራይስጥ ጎኤል ይባላል። የተገደለ ወገኑን ደም የሚመልሰውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ርስት ማስመለስና ደም መመለስ የአንድ የሥጋ ግዴታ ሁለት ገጽታዎች ነበሩና።

በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 4 ሕጉ በተግባር ይታያል። የአንድ ሟች ርስት መቤዠት ነበረበት፤ ዘመዱ ቦዔዝ በቤተ ልሔም በር አሥር ሽማግሌዎች አስቀምጦ፣ ከእርሱ ይልቅ ለሟቹ የሚቀርበውን ዘመድ ርስቱን ይቤዥ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሰውየው መጀመሪያ እሺ ይላል። ከርስቱ ጋር መበለቲቱን ሩትን አግብቶ የሟቹን ስም ማስጠራት እንዳለበት ሲሰማ ግን የራሴን ርስት ያበላሽብኛል ብሎ ጫማውን አውልቆ መብቱን ይለቃል። ዋጋውን ለመክፈል ፈቅዶ ነበር፤ ያልተሸከመው የዝምድናውን ዕዳ ነው።

በግሪኩ ዓለም ቃሉ ወደ ምርኮና ወደ ባርነት ገበያ ተጠጋ። ሊትሮን የሚባለው ምርኮኛን ለማስፈታት የሚሰጥ ዋጋ ነው። ይህ አሠራር ከዚያም በኋላ ለዘመናት ቆይቷል፤ ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ አምስት ዓመት በአልጀርስ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1580 የተለቀቀው የሥላሴ ማኅበር መነኮሳት 500 የወርቅ ኤስኩዶ ከፍለውለት ነው። ወንጌል የክርስቶስን ሞት በዚህ የዋጋ ስም ለብዙዎች የተሰጠ ቤዛ ብሎ ሲጠራ ታዲያ «ለማን ተከፈለ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ኦሪገን ለዲያብሎስ አለ፤ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይህን እንደ ስድብ ቆጥሮ ተቃወመ፤ በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የካንተርበሪው አንሰልም ለተነካው የእግዚአብሔር ክብር የሚገባ ካሳ ነው ሲል ጻፈ። ክርክሩ በተቀባዩ ላይ ባተኮረ መጠን የዘመድነቱ ነገር ወደ ኋላ ቀረ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህን የተረሳ የዘመድነት ገጽታ ጠብቆ ይዟል። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በልደት በዓል፣ «ቤዛ ኵሉ» (የሁሉ ቤዛ) ይዘመራል። ከፊሎቹ ካህናት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዐለት አናት ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው ይቀባበላሉ፤ ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ቤዛ የሚለው ስም ከስቅለት አስቀድሞ በልደት መዘመሩ ትልቅ የሥነ መለኮት ምስክርነት ነው፦ የሚቤዠው አስቀድሞ ሥጋን ለብሶ ዘመድ ሆኗል። ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2ም ከባርነት ነጻ መውጣትን በሥጋና በደም ከመካፈል ጋር ያያይዘዋል።

በዕለታዊው አማርኛ በወለድ አገድ የተያዘ መሬት «ተለቀቀ» እንጂ «ተቤዠ» አይባልም፤ ቤዛ ከፍ ላለ ነገር ተለይቷል። በጦር ሜዳ የወደቁ «ለአገር ቤዛ ሆኑ» ይባላል፤ ቤዛና ቤዛዊት የልጅ መጠሪያ ሆነዋል። ለአገር ሲነገር ቃሉ የሚያጎላው የፈሰሰውን ደም፣ ማለትም ዋጋውን ነው። የዘሌዋውያን ሕግ ግን መቤዠት ተፈጸመ የሚለው የተያዘው ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ሲመለስ ነው። በዚህ መሠረት ሞት ብቻውን ቤዛነትን አይሞላም፤ ቃሉ በሙሉ ትርጉሙ የሚቆመው ከፋዩ ከተያዘው ጋር ወገን ሲሆንና የተያዘውም በእርግጥ ነጻ ሲወጣ ነው።