ክብደት ገመድ አይሆንም

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያልተባለበት ስብሰባ በአገራችን ማግኘት ይከብዳል። ስለ አንበሳው ግድ የለም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ዶዘሩ ነው። አንበሳ እናስራለን የምንል ሰዎች አንድ ዶዘር ሎቤድ ላይ በወጉ አስረን መላክ እንዴት አቃተን?

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በጎጃም መንገድ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ከፊት ሎቤድ፣ ሎቤዱ ላይ 20 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር፣ ከኋላ ደግሞ መቅደሚያ ያጣ ሰው የሞላው ሚኒባስ። ኤክስካቫተሩ አንዳንዴ በአንዲት ሰንሰለት ለይስሙላ ታስሯል፤ አንዳንዴ ታኮ ብቻ ተደርጎለታል፤ ጭራሽ ምንም ሳይደረግለት የሚጓዝም አለ። ለምን አልታሰረም ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «ይሄን የሚያህል ብረት የት ይሄዳል ብለህ ነው?»

ይህቺን መልስ ጠጋ ብለን እንያት። በኛ ዘንድ ክብደት እንደ ጨዋነት ተቆጥሯል። ከባድ ነገር ካስቀመጡት ቦታ አይነሳም ብለን አምነናል። መኪናው ቆሞ ሳለ እውነት ነው። መኪናው ሲከንፍ ግን ማሽኑም አብሮ እየከነፈ ነው። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚቆመው መኪናው ነው፤ ማሽኑን ማን ነገረው? እሱ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ወደ ጋቢናው። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ እሱን ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። እናም የተማመንንበት ክብደት ዋናው ጠላታችን ሆኖ ያርፋል።

የአሜሪካም የአውሮፓም የጭነት አስተሳሰር ደንቦች የሚነሱት ከዚሁ ስሌት ነው። ጭነቱ ወደፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎን ደግሞ 50 በመቶ በሚያህል ኃይል ቢገፋ እንኳ ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም ይላሉ። በ20 ቶኑ ማሽን ስናሰላው በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ 16 ቶን ወደ ሹፌሩ ጀርባ ይገፋል ማለት ነው። ወደ ጎን፣ ጠመዝማዛ ላይ፣ 10 ቶን። ይህን ሁሉ «ክብደቱ ራሱ ቆንጥጦ ይይዘዋል» የሚል ሰው አንድ ነገር ረስቷል። የማሽኑ እግር ብረት ነው፤ የሎቤዱ ወለልም ብዙውን ጊዜ ብረት ነው። ብረት ብረትን አይቆነጥጥም። ከሳይት ተለጥፎ የመጣው ጭቃና የፈሰሰው ግራሶ ሲጨመርበት፣ ዝናብም ሲያርፍበት፣ ሳሙና ላይ እንደቆመ ሰው ነው። እንጨት ወይም የጎማ ምንጣፍ ከስር የሚነጠፈው፣ ከመጫኑም በፊት ጭቃው የሚራገፈው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ አባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን የሚያጥፍበትና የሚሰነጥቅበት ቦታ ሞልቷል። ቁልቁለቱ ማሽኑን ወደፊት ይጎትታል፤ ጠመዝማዛው ወደ ገደሉ ይገፋል፤ ንዝረቱ ጠብቆ የታሰረውን እንኳ ያላላል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከታች ጠብቆ ያሻግረናል። እዚያ በደህና መድረስ ግን የድልድዩ ሥራ አይደለም።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል? የአሜሪካን ደንብ እንመልከት። ከ4 ሺህ 536 ኪሎ ግራም ጀምሮ የሚመዝን ባለ ጎማም ሆነ ባለ ሰንሰለት እግር ማሽን ቢያንስ በአራት ማሰሪያ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ መያዝ አለበት። የማሰሪያዎቹ አቅም በደንቡ ስሌት ተደምሮ ከጭነቱ ክብደት ግማሽ ማነስ የለበትም። ባልዲውና ክንዱ ዝቅ ብሎ ለብቻው ይታሰራል። እንደ ሎደርና ግሬደር ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ማሽን እንዳይታጠፍ ይደረጋል። ሹፌሩም ከተነሳ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ቆሞ ማሰሪያውን እንዲፈትሽ ይገደዳል። በኛ መንገድ ብናስበው፣ ከአዲስ አበባ የተነሳ ሎቤድ ፍቼ ሳይደርስ ቆሞ ሰንሰለቱን ማጥበቅ ነበረበት ማለት ነው። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ የሚቆመው ለምሳ ነው!

አጫጫኑም ቢሆን ከአስተሳሰሩ የተሻለ አይደለም። መወጣጫ በሌለበት ሎቤዱ የአፈር ክምር ተጠግቶ ማሽኑ እንዲወጣ ይደረጋል። አፈሩ ከአንድ ወገን ቢከዳስ? ማሽኑ ጫፉ ላይ ደርሶ ወደፊት በሚዘነበልበት ቅጽበት እንዳይገለበጥ ሎቤዱ ደልዳላ መሬት ላይ መቆም፣ ኦፕሬተሩንም የሚመራው አንድ ሰው ብቻ መሆን ነበረበት። እኛ ዘንድ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ መሪ ነው። አንዱ «ና! ና!» ሲል ሌላው «ያዝ!» ይላል። ኦፕሬተሩ ማንን ይስማ?

ለነገሩ ችግሩ የእውቀት ብቻ ቢሆን በስልጠና ይፈታ ነበር። እስቲ ኃላፊነቱን ተከትለን እንሂድ። ኦፕሬተሩን ብትጠይቁት «የኔ ሥራ መጫን ነው፤ ጭኛለሁ» ይላል። ሹፌሩ «እኔ አልጫንኩ» ይላል። ባለ ማሽኑ «ለሎቤዱ ከፍያለሁ» ይላል። ባለ ሎቤዱ «ማሽኑ የሱ ነው» ይላል። የሳይት ኃላፊው ደግሞ «ዛሬ ማታ ካልገባ ሥራው ይቆማል» ብሎ ስልኩን ዘግቷል። ታዲያ ሰንሰለቱን የሚያስረው ማነው? ረዳቱ! ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለው፣ ሥራውን በማየት ብቻ የለመደው ልጅ። በሚሊዮኖች ብር የሚገመተውን ማሽንና ከኋላ የሚከተለውን ሕዝብ ሁሉ አደራ የሰጠነው ለሱ ነው። አደጋ ሲደርስ ግን የምንሰማው «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚል ነው። ስለ ሰንሰለቱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሚዛን ጣቢያም አለን። እዚያ የሚመዘነው አክስሉ ላይ ያረፈው ጭነት ነው፤ ዓላማው መንገዱ እንዳይጎዳ ነው። ተገቢ ነው፤ አስፋልት ሀብት ነው። ግን ያ ሁሉ መኪና ተራ በተራ በሚቆምበት ቦታ ጎንበስ ብሎ «ይሄ በምን ታሰረ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ለአስፋልቱ ያዘንነውን ያህል ለተሳፋሪው ብናዝን ምን ይለናል?

ሹፌሮቹም እውነት አላቸው። «ሰንሰለት ስጡንና እንሰር» ይላሉ። ደህና ሰንሰለትና ማጥበቂያ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ርካሽ አይደለም። ያረጀው ተበይዶ፣ የተበየደው በሽቦ ተጠፍሮ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ለማሽኑ ሚሊዮኖችን የከፈለ ባለሀብት ለአራት ሰንሰለት ሲሆን ቸገረኝ ቢል ማን ያምነዋል? ማሽኑን ኢንሹራንስ ያስገባ ሰው ቢወድቅ ይተካለታል። ከኋላ በሚኒባስ ሲከተል የነበረውን አባወራ የሚተካ ኢንሹራንስ ግን አልተሠራም።

የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረ ወዲህ አገሪቱ በማሽን ስትታረስ ኖራለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ማሽኑን ከገጠር ወደ ሰፈራችን አምጥቶታል። ትናንት የበረሃ ጉዳይ የነበረው ዛሬ የቀለበት መንገድ ጉዳይ ነው። ግንባታውን እንወደዋለን። የምንወደው ነገር ሲጓጓዝ እንዳይገድለን መጠየቅ ግን ልማትን መጥላት አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ አዲስ መሥሪያ ቤትም አያስፈልገውም። ማሽን ከሳይት ሲወጣ የመውጫ ወረቀት ይጻፋል። ታርጋ ይሞላል፣ የማሽኑ ዓይነት ይሞላል፣ ፊርማ ይቀመጣል። እዚያው ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፦ «ያሰረው ሰው ስም» እና «አይቶ ያረጋገጠው ሰው ስም»። ስሙን የሚጽፍ ሰው ሰንሰለቱን ሳይነካ አይፈርምም። ሰንሰለት ከሌለም «የለም» ብሎ ማሽኑን ያስቀራል፤ ያን ጊዜ ሰንሰለቱ በማግስቱ ይገዛል። ዘበኛውም ሁለቱ ስሞች ካልተሞሉ በሩን አይክፈት። አንድ ሌሊት ሥራ ቢቆም ቢቆም ነው።

ቸር ያሰንብተን።