የሚታጠበው እንዲፈስ ነው

ሽሪምፕ ማርባት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ፊልተሩ በስንት ጊዜ ይታጠባል?» ብሎ ነው። ቀን ቆጥሬ አልመልስለትም። የምናወራው የአየር ፓምፕ አረፋ በቱቦ ሲወጣ ውሃውን አስከትሎ በስፖንጅ ስለሚያሳልፈው ፊልተር ነው። ውሃው በስፖንጁ ውስጥ እያለፈ እስካለ ድረስ ስፖንጁ የፈለገውን ያህል ቢጠቁር አይነካም። ዝቃጩ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ቱቦው ራሱ ይናገራል፤ አረፋው መውጣቱን አይተውም፣ ውሃው ግን እንደ ወትሮው አይከተለውም። ያኔ ይታጠባል፤ የሚታጠበውም እንዲፈስ ነው እንጂ እንዲነጣ አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ቸል ከሚል ሰው ይልቅ ጽዳት የሚወድ ሰው ብዙ ሽሪምፕ ይጨርሳል ብዬ አምናለሁ።

እኔ የማረባው ቼሪ ሽሪምፕ የሚባለውን ነው። የዘር አገሩ ታይዋንና ምሥራቅ ቻይና ነው፤ አድጎ ጨረሰ ሲባል 3 ሴንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ፣ ከቅጠልና ከስፖንጅ ላይ በትንንሽ እግሮቹ እየለቀመ ወደ አፉ የሚወስደው እዚያ የሚበቅለውን ስስ ልጋግ ነው። እኛ ቆሻሻ የምንለው ነገር ግማሹ ቀለቡ ነው።

ስፖንጁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ከሽሪምፑ ገላ፣ ከተረፈ ምግብና ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ስፖንጁ ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። የድሮ የአኳሪየም መጻሕፍት ሁለተኛውን ሥራ ናይትሮባክተር ለሚባለው ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ግን አኳሪየም ውስጥ ይህን የሚሠራው ናይትሮስፓይራ መሆኑን አሳየ፤ በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚጨርስ የናይትሮስፓይራ ዓይነት መኖሩ ታወቀ። ስማቸው ቢለዋወጥም ጠባያቸው አንድ ነው፤ የሚኖሩት ተጣብቀው ነው፣ የሚራቡትም በዝግታ ነው። ሌላው ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት እጥፍ በሚሆንበት ጊዜ እነዚህ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ አኳሪየም ሽሪምፕ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚቆየው ለዚህ ነው። እንጀራ ጋጋሪ ቡሃቃውን ስታጥብ እርሾውን አትደፋም፤ የነገው ሊጥ የሚነሣው በእሱ ነውና። የስፖንጅም ነገር እንዲሁ ነው።

የምኖረው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው። የቧንቧ ውሃችን እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ሁሉ ከፖቶማክ ወንዝ ተቀድቶ፣ በዋሽንግተን አኩዌደክት ተጣርቶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ይህ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው ማለት ነው። «ውሃውን በባልዲ አሳድረው» የሚለው የቆየ ምክር ለተራ ክሎሪን ይሠራል፤ ክሎሪን ተኖ ይሄዳል። ክሎራሚን ግን ቢያድርም አይለቅም። በየዓመቱ በማርችና በሜይ መካከል ለተወሰኑ ሳምንታት የውሃ ድርጅቱ መስመሮቹን ለማጽዳት ወደ ተራ ክሎሪን ስለሚመለስ፣ የአንዱ ወር ልማድ ለሌላው ወር ላይሠራ ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ ወደ ቧንቧው የተላኩት ባክቴሪያ እንዲገድሉ ነው፤ የስፖንጁን ባክቴሪያ ለይተው አይምሩም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ለአኳሪየም በሚቀዳው ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ማክሸፊያ ጠብታ ክሎራሚኑን ሲያፈርሰው አሞኒያው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ያንን አሞኒያ የሚያነሣው ስፖንጁ ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ብዙ ውሃ የሚቀይር ሰው አሞኒያ ጨምሮ፣ አሞኒያ የሚበላውን ደግሞ ገድሎ ይተኛል። የኛ ሰፈር ውሃ ፒኤች ከ7.5 ከፍ ስለሚል አደጋው ይበልጣል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዘኛው ክፍል 0.6 በመቶ ገደማ ሲሆን ፒኤች 8 ላይ ከ5 በመቶ ያልፋል።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ ወጣት በዚህ ጉዳይ ደውሎልኝ ያውቃል። «ጋሼ፣ ሽሪምፖቹ ሁሉ ላይ ላይ ይራወጣሉ። ሊራቡ ነው?» አለኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አንዲት ሴት ቅርፊቷን ጥላ ለመራባት ስትደርስ ወንዶቹ ልክ እንደዚያ ይሯሯጣሉ። «ሴቶቹስ?» አልኩት። «እነሱም።» ይህማ መራባት አይደለም። «ፊልተሩን ነክተኸዋል?» «እናቴ ከአገር ቤት እየመጣች ስለሆነ ቤቱን ሳጸዳ እሱንም እንደ አዲስ አድርጌ አጠብኩት።» በራሴ አኳሪየም ካሉኝ ሁለት ስፖንጆች አንዱን በውሃው እንዳለ በፌስታል ይዤለት ሄድኩ። ምግብ አስቁመን፣ ውሃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀየርን አብዛኞቹ ተረፉለት። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በአንድ ስፖንጅ አትጀምሩ እላለሁ።

አሁን ወደ አጠባው ልምጣ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይነቀላል፤ የፓምፑም የማሞቂያውም። ውሃ የጎደለበት ማሞቂያ ይሰነጠቃል። ከአኳሪየሙ 4 ሊትር ያህል ውሃ በጎማ ወደ ባልዲ እቀዳለሁ፤ ባልዲው ኦሞም በረኪናም ነክቶት የማያውቅ፣ ለዚህ ብቻ የተለየ ነው። ስፖንጁ ላይ የሰፈሩትን ሽሪምፖች በቀጭን እንጨት ነካ ነካ ሳደርጋቸው ወርደው ይሄዳሉ። ከዚያ ፌስታል ከሥር አልብሼ፣ አፉን ጨብጬ፣ ስፖንጁን ከነውሃው አወጣዋለሁ። እንዲሁ ወደ ላይ የመዘዘው ሰው ስንት ሳምንት የተጠራቀመውን ዝቃጭ መልሶ አኳሪየሙ ውስጥ ይበትነዋል።

ባልዲው ውስጥ በሁለት መዳፌ እጨምቀዋለሁ፤ አልጠመዝዘውም፣ አልፈትገውም። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ጥቁር ቡናማ ነው። ያኔ አሸተዋለሁ። የአፈር ሽታ ካለው ጤነኛ ነው፤ የገማ እንቁላል ከሸተተ ግን የስፖንጁ ሆድ አየር አጥቶ በስብሷል፣ ቀደም ብሎ መታጠብ ነበረበት። ሦስት አራት ጊዜ ከጨመቅኩት በኋላ ስለቀው ውሃውን በፍጥነት መጥጦ መልሶ ካበጠ፣ በቃ። ቀለሙ አሁንም ቡናማ ነው፤ እንደዚያው ይመለሳል።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው ቀጥሎ ያለውን ነው። እናቲቱ ከ20 እስከ 30 የሚሆን እንቁላል ከሆዷ ሥር ታቅፋ ወር ገደማ ትቆይና የምትለቃቸው 2 ሚሊ ሜትር የማይሞሉ፣ በመልክ ግን ከአዋቂው የማይለዩ ጫጩቶች ናቸው። መጠጊያቸው ስፖንጁ ነው። ባልዲውን ለአሥር ደቂቃ ያህል እንዲጠል እተወውና ውሃውን ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነጭ ሳህን ላይ እገለብጣለሁ፤ ባትሪ ከጎን አበራለሁ። ገላቸው ብርሃን ያሳልፋልና አይታይም፤ የሚታዩት ሁለት ጥቁር ነጥቦች፣ ዓይኖቻቸው ናቸው። ነጥቦቹ ድንገት ወደ ኋላ ከተፈናጠሩ ጫጩት ነው። ለሕፃን መድኃኒት በሚሰጥበት መርፌ አልባ ሲሪንጅ ስቤ እመልሳቸዋለሁ። ሳህኑን ሳልመረምር ባልዲ አልደፋም። የተረፈው ዝቃጭ በረንዳ ላይ ላለው በሶብላና ጤና አዳም ይፈስሳል፤ ከዚያ የሚሻል ማዳበሪያ አላየሁም።

ከአኳሪየሙ ውጭ የሚቀመጥ ፊልተር ያለው ሰው የውሃ መሳቢያው አፍ ላይ ስፖንጅ ካላለበሰ ጫጩቶቹ ተስበው ይገባሉ፤ የሚያጥበው በአብዛኛው ያንን አልባሽ ስፖንጅ ብቻ መሆን አለበት። ፊልተሩ ተነቅሎ ለሰዓታት ከቆየ ውስጡ አየር ያጣል፣ ሲነሣም የተበላሸ ውሃ ይረጫል፤ ስለዚህ ሥራው ሳይቋረጥ ማለቅ አለበት። የአየር ፓምፑ ከአኳሪየሙ ውሃ ከፍታ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ይግባበት።

መዳብንም አደራ። የሽሪምፕ ደም ራሱ አየር የሚሸከመው በመዳብ ነው፤ ሆኖም ውሃው ውስጥ የሟሟ መዳብ በጥቂቱም ይገድለዋል። አልጌና ቀንድ አውጣ ለማጥፋት የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው፤ ስፖንጅን በእነሱ ዘፍዝፎ «ማከም» የሚባለውን ነገር ፈጽሞ አልደግፍም። እጅም ቅባትና ሳሙና የሌለበት፣ በደንብ የተለቃለቀ ይሁን።

ስፖንጁ ከተመለሰ በኋላ ለሁለት ቀን ምግብ እቀንሳለሁ፤ በማግሥቱ አሞኒያና ናይትራይት እለካለሁ፣ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። በዚያ ሳምንት ጠጠሩን አልጠርግም፣ ብዙ ውሃም አልቀይርም። ሁለተኛው ስፖንጅ ቢጠቁርም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል፤ እስከዚያ ድረስ የታጠበውን የወንድሙን ሥራ ደርቦ የሚሠራው እሱ ነው።