ጥልቁን የሚችል ስፌት

እ.ኤ.አ. በ1952 ግሮተን፣ ኮነቲከት ውስጥ ፕሬዚዳንት ትሩማን በመጀመሪያዋ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ በናውቲለስ ብረት ላይ የስማቸውን ፊደላት በጠመኔ ጻፉ። ፊደላቱን በእሳት ያተማቸው ግን አንድ በያጅ ነበር።

የብየዳ መሐንዲስ ክፉ ጠላቱ እርጥበት ነው። የብየዳ ዘንጉ፣ ማለትም ኤሌክትሮዱ፣ ጥቂት እርጥበት ካዘለ ሃይድሮጅን ወደ ቀለጠው ብረት ይሰርጋል፤ ዛሬ አምሮ የታየው ስፌት ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ በምድጃ ተጠብቆ ይቆያል፣ ወፍራሙ ብረትም ከመበየዱ በፊት ይሞቃል። ከዚያ ስፌቱ እንደ ታማሚ ደረት ራጅ ይነሣል። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

በ1963 ትሬሸር የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ 129 ሰዎችን ይዛ ስትሰምጥ፣ የተጠረጠረው የባሕር ውኃ ቧንቧ መጋጠሚያ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ላይ ለደኅንነት ወሳኝ የሆነ መጋጠሚያ ሁሉ ማን እንደሠራውና ማን እንደመረመረው ይመዘገባል።